የሰው መልክ በሰው እጅ

በሐረር በጁገል ቅጥር ውስጥ ያላችሁ፣ ከቅጥሩም ውጭ በአዲሱ ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር ሆናችሁ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትሰሙን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በየዕለቱ በእጃችን ስለምናደርገው፣ ነገር ግን ቆም ብለን ስለማንመረምረው ጉዳይ ይናገራል፤ ይኸውም የሌላውን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ በኢንተርኔት ላይ ስናወጣ ልንጠብቀው የሚገባን ክብርና ሥርዐት ነው።

አስቀድሜ የነገሩን ሥር ላመልክት። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው መሣሪያው የራሱ ነው፤ ጥበቡም ድካሙም የራሱ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የተቀረጸው መልክ ግን የራሱ አይደለም። መልኩ የባለ መልኩ ነው። ሰው በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ክቡር ፍጥረት መሆኑን የቤተ ክርስቲያን መምህራን ያስተምራሉ፤ የሰውን ክብርና አማናን (አደራን) መጠበቅ ከእምነት መሆኑንም የእስልምና ዑለማዎች ይመክራሉ፤ የሁለቱም ተከታዮች ተጎራብተው በሚኖሩባት በዚህች ከተማ ለጉዳዩ የሚሆን መሠረት ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። የሌላውን ሰው መልክ በስልኩ ውስጥ የያዘ ሁሉ አደራ ተቀባይ ነው፤ አደራም ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ የማይነካ፣ ሲጠየቅ የሚመለስ፣ በእጅ እስካለ ድረስም ከጉዳት የሚጠበቅ ነገር ነው። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የኖሩት አደራ በቸልታ የሚያዝ ነገር አለመሆኑን ሊያስገነዝቡን ነው።

ሐረር ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የተገባች ከተማ ናት፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ቀድሞ ከደረሰባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናትና። በወጣትነቱ በፈረንሳይ አገር ባለቅኔ የነበረውና ኋላ ቅኔውን ትቶ በንግድ የተሠማራው አርቱር ራምቦ፣ የባርዴ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ በ1873 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሐረር መጥቶ ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ በተመለሰበት በ1875 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ ያስመጣው የፎቶግራፍ መሣሪያ በእጁ ገብቶ ነበር። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በግብጾች አገዛዝ ሥር ነበረች። ራምቦ ራሱን በሦስት ልዩ ልዩ ሁኔታ አንሥቶ ምስሎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ለማጠቢያ ያገኘው ውሃ መጥፎ ስለሆነ ሥዕሎቹ እንደነጡ በደብዳቤው አመልክቷል፤ በዚያው ወር በጻፈው በሌላ ደብዳቤም በሐረር ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ሊነሣ እንደሚፈልግ፣ ለአንድ ሥዕልም አንድ ጊኒ ወርቅ እስከ መስጠት የሚደርስ እንዳለ ገልጿል።

ከዚህ ታሪክ ልንይዘው የሚገባን አንድ ቁም ነገር አለ። ስለ ፎቶግራፍ አጀማመር ሲወራ፣ የጥንት ሰው መሣሪያውን ሲያይ ደንግጦ የሚሸሽ፣ ነፍሱ የምትሰረቅ የሚመስለው ተደርጎ መነገሩ የተለመደ ነው፤ የሐረሩ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። የዚች ከተማ ነጋዴና ባለሙያ አዲሱን ጥበብ የተቀበለው በፈቃዱ ነው፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚነሣው ወድዶ ነው፤ ዋጋውንም ለመክፈል የሚዘጋጀው ሥዕሉ የራሱ እንዲሆን ስለሚሻ ነው። እንግዲህ ፈቃድ መጠየቅ ከውጭ የመጣብን አዲስ ደንብ ሳይሆን፣ በዚህች ከተማ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከራምቦ የሐረር ምስሎች እስከ ዘመናችን የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚያ አንዱ ሶቲሮ የተባለውን ግሪካዊ የሥራ ባልደረባውን ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ የቡና መጫኛ የቆዳ ዳውላ የሚሠራ አንድ የእጅ ባለሙያ በሥራው ላይ እንደ ተቀመጠ ያሳያል። የግሪካዊው ስም ከነታሪኩ በመጻሕፍት ይነበባል፤ ዳውላ ሠሪው ግን «ዳውላ ሠሪ» ተብሎ በሙያው ብቻ ተጠርቶ ቀረ። ይህ ሰው እናትና አባት ያወጡለት ስም የነበረው፣ ምናልባትም የልጅ ልጆቹ ዛሬ ከእነዚህ ጠባብ መንገዶች በአንዱ የሚመላለሱ፣ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ መልኩ በባዕድ አገር ቤተ መዛግብት ሲጠበቅ ስሙ ያልተጠበቀለት ሰው ነው። መልክን ከስም መለየት ሰውን ከታሪኩ መለየት ነው፤ የተለየውም ሰው ለተመልካቹ የአገር ጌጥና የገበያ ትርኢት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወንድም ሆኖ አይታይም።

ይህ ዐይነቱ ነገር በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከዚያም በፊት በከፋ ሁኔታ ደርሷል። የመቅደላ አምባ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ከተያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ፣ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በዝና የታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ምስሉን ወሰደች፤ ሌሎችም አነሡት፤ ምስሎቹም እየተባዙ በሕዝብ እጅ ገቡ። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ያለውን የሕፃኑን ዐይን ያየ ሁሉ ኀዘኑን ሳያስተውል አያልፍም። አባቱ የሞተበት፣ እናቱንም በመንገድ ያጣ፣ ከአገሩና ከወገኖቹ የተለየ ሕፃን ለመነሣት ፈቃዱን ሊሰጥ የሚችልበት አቅም አልነበረውም፤ ስለ እርሱም ሆኖ እንቢ የሚል ዘመድ በአጠገቡ አልነበረም። ልዑሉ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያው በባዕድ አገር ዐረፈ፤ ምስሎቹ ግን ዛሬም በየድረ ገጹ ይዘዋወራሉ። ስለሆነም ዛሬ ያንን ሥዕል የሚያወጣ ኢትዮጵያዊ ቢያንስ ማን እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደተነሣ አብሮ መጻፍ ይገባዋል፤ ለዚያ ሕፃን ዘግይቶም ቢሆን ልናደርግለት የምንችለው ትንሹ ክብር ይህ ነውና።

ወደ እኛው ዘመን ስንቀርብም የ1977ቱ ረኀብ አለ። በዚያ ዓመት የኮረምና የመቀሌ መጠለያዎች ምስል በቴሌቪዥን ዓለምን ሁሉ አነቃነቀ፤ ብዙ ሕይወትም በዚያ ምክንያት በመጣው ርዳታ ተርፏል፤ ይህንን መካድ አይገባም። ሆኖም ግን በዚያው ጊዜ ልትሞት ነው ተብላ በካናዳ ቴሌቪዥን የተቀረጸችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ፣ ምስሏ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በተደረገው የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ላይ ለእልፍ አእላፍ ተመልካች ሲታይ ስለ ጉዳዩ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሕፃኗ ዳነች፤ አደገች፤ ተማረች፤ በ1997 ዓ.ም. በለንደን በተካሄደው የላይቭ ኤይት መድረክ ላይ በገዛ እግሯ ቆማ ለመታየት በቃች። የብርሃን ሕይወት የሚያስተምረን፣ የሚሞት የመሰለን ሰው ነገ የሚኖር፣ ሥዕሉንም በጤናው ዐይን የሚያይ ሊሆን እንደሚችል ነው። የዓለም ርዳታ ሰጪዎችም በዚያ ዘመን ስለታዩት ምስሎች ተወቅሰውና ራሳቸውን መርምረው፣ የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በ1981 ዓ.ም. ስለ ምስልና መልእክት አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ እስከ ማውጣት ደረሱ። እንግዲህ ዓለም የሰውን ክብር በምስል ስለ መጠበቅ የተማረው ትምህርት በከፊል በእኛ ወገኖች ሥቃይ የተከፈለ ትምህርት ነው፤ እኛ ራሳችን ብንዘነጋው ነውሩ እጥፍ ይሆናል።

አድማጮቻችን፣ ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል ደግሞ እንመልከት። ብዙ ሰው የምስል መብት ከስልክና ከፌስቡክ ጋር የመጣ አዲስ ነገር ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በሐረርጌ ተወልደው በሐረር ያደጉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1952 ዓ.ም. ያወጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከሃያ ሰባተኛው አንቀጽ ጀምሮ ይህንኑ ጉዳይ በግልጽ ደንግጓል። የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም ይላል። በዚያን ጊዜ የአደባባይ ትርጓሜ የፎቶ ቤት መስኮት፣ የሱቅ ግድግዳና የጋዜጣ ገጽ ነበር፤ ዛሬ ግን አደባባዩ ሰፍቶ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የወጣ አንድ ሥዕል በሰዓት ውስጥ ከሐረር እስከ ቶሮንቶ ይደርሳል። አደባባዩ መስፋቱ ግዴታውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ሕጉ ግን ጠንካራ ብቻ ሳይሆን አስተዋይም ነው። በሃያ ስምንተኛው አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ሰውየው በዝና የታወቀ ወይም የመንግሥት ሥልጣን የያዘ በሆነ ጊዜ፣ የፍርድ ወይም የፖሊስ ሥራ ሲያስገድድ፣ ለዕውቀትና ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ እንዲሁም ምስሉ የሕዝብን ጉዳይ ወይም በአደባባይ የተፈጸመን ሥነ ሥርዐት የሚመለከት ሲሆን ነው። ስለዚህ ባለሥልጣን በአደባባይ የተናገረውን መቅረጽ፣ የታቦት ወይም የዒድ በዓል አከባበርን ማንሣት በሕግ የተፈቀደ ነው። ከዚህ ውጭ ግን መልኩ ያለ ፈቃዱ የወጣበት ሰው ምስሉ እንዲነሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወዲያው ካልተነሣለትም ስለ ኅሊና ጉዳቱ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ በሥዕሉ የተነገደ እንደሆነ ዳኛው የተገኘውን ትርፍ መሠረት አድርጎ ካሣ ሊፈርድለት ሥልጣን አለው። ባለ ምስሉ የሞተ ወይም ፈቃዱን ሊገልጽ የማይችል ቢሆንና የምስሉ መውጣት ክብሩን የሚነካ ቢሆን፣ መብቱ ለቤተሰቡ ይተላለፋል። ሙታን አፍ ባይኖራቸውም ሕጉ ጠበቃ አቁሞላቸዋል ማለት ነው።

ከዚያም ወዲህ ሌሎች ሕጎች ተጨምረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሰውን ክብርና መልካም ስም እንዲሁም የግል ሕይወቱን መከበር መሠረታዊ መብት አድርጎ አጽድቋል። ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ አንሺውን መብት ይጠብቃል፤ ሌላው ያነሣውን ሥዕል ስሙን ቆርጦ ወይም ደምስሶ የራስ አስመስሎ ማውጣት በዚህ ሕግ የተከለከለ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 በኢንተርኔት በሚተላለፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል የሰውን ክብር ማዋረድንና ማስፈራራትን ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው የግል መረጃ በሕጋዊ ምክንያት እንጂ እንደ ዘፈቀደ እንዳይሰበሰብና እንዳይሠራበት ደንግጓል። በአንድ ፎቶግራፍ ላይ እንግዲህ ሁለት ባለመብቶች አሉ፤ አንዱ ያነሣው፣ ሌላው የተነሣው። የአንዱን ፈቃድ ማግኘት የሌላውን አይተካም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ሥዕሉን ቢሸጥልህ እንኳ የተነሣውን ሰው ክብር ሊሸጥልህ አይችልም።

ሕግ ግን የመጨረሻው ድንበር እንጂ የምግባር ሙላት አይደለም። ሕግ የማይከለክለውን ሁሉ ማድረግ የሚገባ ቢሆን ኖሮ፣ ይሉኝታና ጨዋነት የሚባል ነገር ባላስፈለገ ነበር። ይህንን በከተማችን በዓል እንየው። ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበረው ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጆች ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ እንግዳውም ካሜራውም ከዓመት ዓመት ይበዛል። በዓሉ የአደባባይ በዓል ነውና ሕጉ ማንሣትን ይፈቅዳል፤ ዝማሬውን፣ ከበሮውን፣ የሰዉን ጉርፍ፣ የልብሱን ኅብር ማንሣትና ለዓለም ማሳየት ለከተማይቱም ክብር ነው። ይሁን እንጂ በመንፈሳዊ ተመስጦ ዐይኗን ጨፍና የምትጸልየውን አሮጊት ካሜራውን ወደ ፊቷ አስጠግቶ ብቻዋን መቅረጽ፣ ወይም በአንድ አዋች (የቅዱስ ሰው መካነ መቃብር) ደጃፍ ስለ ችግሩ እያለቀሰ የሚማጸነውን ሰው ከሙዚቃ ጋር አቀናብሮ በቲክቶክ ማውጣት ከበዓሉ አደባባይ ወጥቶ የሰውን ልብ ጓዳ መግባት ነው። በዓሉ የሕዝብ ነው፤ ልመናውና እንባው ግን የግለሰቡ ነው።

ጁገል ራሱ ይህንን ልዩነት በድንጋይ ጽፎ ያስተምረናል። አሚር ኑር ያሠሩት ይህ ቅጥር አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ዛሬ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ከበሩ የገባ እንግዳ ግን በየጊቢው ያለ ፈቃድ ዘው አይልም። በሐረሪ ቤት ውስጥ የእያንዳንዱ ነደባ (የመቀመጫ መደብ) ማዕረግ የታወቀ ነው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ሌላ፣ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ሌላ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሰማንያ ሁለቱን መስጊዶችና መቶ ሁለቱን አዋቾች ብቻ ሳይሆን፣ ይህንን የቤት አሠራርና የአኗኗር ሥርዐት ጭምር አክብሮ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ለሠርግ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የተጋበዘ ሰው፣ ሴቶች ሻሽና መጎናጸፊያቸውን አላልተው ከወገኖቻቸው ጋር ሲጫወቱ ያነሣውን ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ቢያወጣ፣ የቤቱን በር ነቅሎ በፈረስ መጋላ አደባባይ እንዳቆመ ይቈጠራል። የተጋበዘው እርሱ እንጂ አገር ሁሉ አልነበረም።

የገበያውንም ነገር እንመርምር። መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ዳር በስፌት መኪናቸው ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች፣ በሌማትና በሙዳይ ፊት የተቀመጡት ሴቶች፣ ከዙሪያው ገጠር ሸክማቸውን ይዘው የሚገቡት የኦሮሞ እናቶች በየቀኑ ከእንግዳም ከወገንም ካሜራ ይገጥማቸዋል። አንዳንዶቹ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ይህንንም እንደ ነውር የሚቈጥር ሰው አለ። እኔ ግን ነውር አላየሁበትም፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከሥዕሉ የሚያገኘው ጥቅም ካለ፣ መልኳን የሰጠችው ሴት ድርሻዋን መጠየቋ ፍትሕ ነው። ነገር ግን የተከፈለው ገንዘብ ምንን እንደሚገዛ መታወቅ አለበት። ማታ ማታ ከከተማው ዳር ለጅቦች ሥጋ የሚያበላው ሰው ሥራው ትርኢት ነው፤ ገቢውም ከትርኢቱ ነውና ሲቀርጹት ፈቃዱ ግልጽ ነው። በገበያ ለአንዲት ሥዕል ጥቂት ብር የተቀበለች እናት ግን ፊቷ የሆቴል ማስታወቂያ እንዲሆን ወይም «የድህነት ገጽታ» የሚል ርእስ እንዲጻፍበት አልተስማማችም። ለመነሣት መፍቀድ ለመሰራጨት መፍቀድ አይደለም፤ ስለ አንድ ጉዳይ መፍቀድም ስለ ሁሉም መፍቀድ አይሆንም።

ታዲያ እንዴት እንጠይቅ? አጠያየቁ ከባድ አይደለም። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ቀርቦ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ፣ በሐረሪም በኦሮምኛም በአማርኛም በሶማሊኛም ቢሆን፣ «እማማ፣ ፎቶ ላንሣዎት? በፌስቡክም ላወጣው አስቤአለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለይተው መቅረባቸውን አስተውሉ። ፌስቡክ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አዛውንት ደግሞ «በውጭ አገር ያለ ሰውም ያየዋል» ብሎ ማስረዳት የጠያቂው ግዴታ ነው፤ ያልገባን ነገር መፍቀድ ፈቃድ አይባልምና። የተነሣውን ሥዕል ማሳየት፣ ስማቸው እንዲጻፍ ይወዱ እንደሆነ መጠየቅ፣ ከተቻለም አንድ ቅጂ አሳትሞ ማድረስ የመልካም አንሺ ምልክት ነው። እንቢ ያለ ሰውም ምክንያት እንዲሰጥ መጠየቅ አይገባም፤ በገዛ መልኩ ላይ ሙሉ ጌታ ነው።

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅላቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ። ሕፃን ስለ ራሱ መፍቀድ አይችልም፤ ወላጁም ሲፈቅድለት የዛሬን ደስታ ብቻ ሳይሆን ልጁ ካደገ በኋላ የሚሰማውን ሐፍረት ጭምር ሊያስብለት ይገባል። እርቃኑን ሲታጠብ፣ በትምህርት ቤት ሲቀጣ ወይም ሲያለቅስ የተቀረጸ ሕፃን፣ ነገ ጎልማሳ ሆኖ ሥራ ሲጠይቅም ሆነ ትዳር ሲይዝ ያ ምስል ሊከተለው ይችላል። በሕመም አልጋ ላይ ያለ ሰው፣ በመኪና አደጋ በመንገድ የወደቀ፣ ጀናዛ ተሸክሞ የሚሄድ ወይም በለቅሶ ቤት ደረቱን የሚደቃ ኀዘንተኛ፣ ራሱን ሊከላከል በማይችልበት ሰዓት ላይ ነው። በአደጋ ሥፍራ ስልክ የሚያወጣ እጅ ቁስለኛውን ለማንሣት ቢዘረጋ ይሻል ነበር። ቤተሰብ የልጁን መሞት ከመርዶ ነጋሪ ሽማግሌ አፍ ሳይሆን ከፌስቡክ ምስል ሲሰማ የሚደርስበት የልብ ስብራት በይቅርታ ጽሑፍ አይጠገንም።

የሰውን ምስል ለማታለል መጠቀምም በዝቷል። የታመመን ሕፃን ሥዕል ከሌላ ገጽ ወስዶ፣ የባንክ ሒሳብ ቍጥሩን ለውጦ ገንዘብ የሚሰበስብ አለ፤ በሌላ ሰው ፎቶግራፍ የሐሰት ገጽ ከፍቶ ወዳጅ መስሎ የሚዘርፍ አለ፤ የአንዱን አገር ግጭት ሥዕል የሌላው አስመስሎ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ አለ። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተናገረውን ሲናገር፣ ያልሠራውን ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ መፍጠር ቀሏል። ይህ በሐሰት የመመስከር አዲስ ዘዴ ነው። አንድ ምስል ሲደርሰን ማን እንዳነሣው፣ የት፣ መቼና ስለ ምን እንደተነሣ ሳናውቅ ወደ ሌላው ብናስተላልፈው፣ ሐሰቱን የፈጠረው ሌላ ቢሆንም ያሰራጨነው እኛ ነን። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ከስልክ የወጣ ምስልም ከዚያ በኋላ ተመልሶ አይያዝም፤ እኛ ብንሰርዘው እንኳ ሌላው አስቀምጦታል።

ይህ በደል የደረሰባችሁ አድማጮች ዝም እንዳትሉ እመክራለሁ። በመጀመሪያ ማስረጃውን ያዙ፤ የወጣውን ምስል ከነገጹ ስም፣ ከነቀኑና ከነአድራሻው በስክሪንሾት አስቀምጡ። ቀጥሎ ያወጣውን ሰው ምስሉን እንዲያነሣ በጽሑፍ ጠይቁት፤ ሕጉ የኅሊና ካሣን ጥያቄው ወዲያው ካለመፈጸሙ ጋር ስላያያዘው፣ የጠየቃችሁበት ቀን መታወቁ ይጠቅማችኋል። ምስሉ የወጣበትን መገናኛ ለሚያስተዳድረው ድርጅትም በራሱ የማመልከቻ መንገድ አሳውቁ። ማስፈራሪያ፣ የገንዘብ ጥያቄ ወይም የእርቃን ምስል ነገር ካለበት ግን ከአስፈራሪው ጋር ሳትደራደሩና ሳትከፍሉ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባት ደግሞ፣ ወላጆች ሆይ፣ ተግሣጻችሁ በእርሷ ላይ አይውረድ፤ ነውረኛው አደራውን የበላው እንጂ አምና የሰጠችው አይደለችም። ከወላጇ ፍርሃት የተነሣ ችግሯን የደበቀች ልጅ ለአስፈራሪዋ የበለጠ የተጋለጠች ናት።

ስለ ክልክል ብዙ ተናገርሁ፤ የሰውን ምስል ማውጣት ሁልጊዜ በደል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ምስል የሕዝብ መታሰቢያ ነው። በከተማችን በራምቦ ስም በተጠራው ሙዚየም የተሰቀሉት ጥንታዊ የሐረር ሥዕሎች ባይኖሩ ኖሮ የገበያዎቻችንንና የበሮቻችንን የቀድሞ መልክ በምን እናውቀው ነበር? የከተማችን ሰው አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያሰባሰቧቸው ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ ልብሶችና ገንዘቦች በሙዚየም ተቀምጠው ሲታዩ፣ አንድ ሰው ለአደራ ከታመነ ለከተማው ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያሉ። በአዲስ አበባም ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ ከየቤተሰቡ አልበም የወጡ አሮጌ ፎቶግራፎችን ከባለቤቶቹ እየተቀበለ፣ ከነትዝታቸው በኢንተርኔትና በመጽሐፍ አቅርቧል። ሥዕሉ ከስሙ፣ ስሙ ከታሪኩ፣ ታሪኩም ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር ሲወጣ ምስሉ ለትውልድ ይጠቅማል።

ስለዚህ በተለይ ለወጣቶች አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በየቤታችሁ በሣጥንና በአልበም ውስጥ የተቀመጡ የአያቶቻችሁን ፎቶግራፎች አውጡ፤ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ከአጠገባቸው ተቀምጣችሁ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ሥፍራውን፣ ዘመኑንና ፎቶግራፍ ቤቱን ጠይቃችሁ በሥዕሉ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ወደ ኢንተርኔት ልታወጡት ብትፈልጉ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ወይም ልጆቻቸውን አስፈቅዱ፤ አንዲት አክስት «የኔ ይቅር» ካለች ይቅርላት። የወጣውም ሥዕል ስሙ ተጽፎለት ይውጣ።

ከዚህ ዝግጅት በኋላም እያንዳንዳችን የየራሳችንን ገጽ እንመርምር። ያለ ፈቃድ ያወጣነው የጎረቤት ልጅ፣ ለመሳቂያ ያሰራጨነው የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ስሙን ያጠፋንበት ፎቶግራፍ አንሺ፣ «አንሣልኝ» ተብለን በቸልታ የተውነው ሥዕል ይኖር ይሆናል። የሚነሣውን እናንሣ፤ ስም የሚያስፈልገውን ስም እንስጠው፤ ይቅርታ የሚገባውን ሰው በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደን ይቅርታ እንጠይቀው። ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሃይማኖት አባቶች ትምህርትም ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ የቀረው የእኛ መፈጸም ነው። እግዚአብሔር አደራ ጠባቂዎች ያድርገን።